የጠመኔ ምልክት በውስጥ በኩል

«ይግቡ ዶክተር፣ ይቀመጡ። ጃንጥላውን እዚያ ጥግ ያቁሙት። ይሄ ዝናብ እኮ ፋሲካ ካለፈ ወዲህ አላባራም... ጽጌረዳዎ እንዴት ሆነልዎ? የኔንስ ቀንድ አውጣ ጨረሰው። ብሬጸል ይብሉ፣ አሁን ነው ከዳቦ ቤት ያመጣሁት፣ ቅቤ አለው።»

ፎልክማር የሂልትሩድን ድምፅ የሰማው የዶክተር ኤበርለ መኪና ስር ቆሞ ነው። መኪናዋ ማንሻው ላይ ተሰቅላለች። በእሱና በባንኮኒው መካከል ያለው ስስ የጣውላ ግድግዳ ብቻ ነው። ሂልትሩድ በዚህ ጎሚስታ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታለች። እሱ የጎሚስታው ሟች ባለቤት የወንድም ልጅ ነው፤ ከሽቱትጋርት መጥቶ ሥራውን ከያዘ ሰባት ወሩ። ቅዳሜ ስሙ በሩ ላይ ይጻፋል።

 ዶክተሯ የመኪናቸውን ቁልፍ ባንኮኒው ላይ ሲያስቀምጡ ተሰማ።

*

«ምነው ቁልፉን? ሽጪልኝ ነው? አንዴ ኔካር ወንዝ ዳር ያለው መታጠፊያ ላይ ተንሸራተው ወይን ማሳ ውስጥ ስለገቡ? ‹ዕድሜ ነው፣ እጄ ከዳኝ› ብለዋል አሉ፤ ከዳቦ ቤት ሰማሁ። እንግዲህ ሐኪሟ እርስዎ ነዎት፣ እኔ ስለ እጅ ምን አውቄ። ብቻ... በዚያች መንገድ ሠላሳ ዓመት ሲመላለሱ ያልከዳዎት እጅ፣ ባለፈው ሐሙስ ድንገት ከዳ? እጅ እንዲህ ቀን መርጦ ይከዳል? ጎማ በተቀየረ በሳምንቱ?»

ፎልክማር መፍቻውን ድምፅ ሳያሰማ አስቀመጠ።

ትናንት መኪናዋ ተጎትታ ስትመጣ አይቶታል። ጎማዎቹ ላይ ያለው ቀስት፣ መኪናዋ ወደምትሄድበት ማመልከት ሲገባው ወደ ኋላ ያመለክት ነበር። አራቱም። የበጋውን ጎማ የገጠመው እሱ ራሱ ነው። እኩል እንዲያልቁ ቦታ ላለዋውጣቸው ብሎ የኋላውን ወደ ፊት ቢሞክር አልገባም፤ የኋላው በጣም ሰፊ ነው። ስለዚህ ግራውን ወደ ቀኝ፣ ቀኙን ወደ ግራ አደረገው። በደረቅ መንገድ ማንም አያውቅበትም። ዝናብ ሲመጣ ግን የጎማው ጥርስ ውሃውን ወደ ውጭ መግፋቱን ትቶ ወደ መሀል ይሰበስበዋል። መኪናዋም ውሃ ላይ ትንሳፈፋለች።

ዛሬ ጠዋት፣ ሠራተኛ ሳይገባ፣ ሁሉንም ወደየቦታው መለሰ። ቀስቶቹ አሁን ወደ ፊት ናቸው። ማንም አላየም።

*

«እኔማ ያልተማርኩ ሰው ነኝ። የማውቀው በጥቅምት የበረዶ ጎማ፣ በፋሲካ የበጋ ጎማ ብቻ ነው። ነፍሳቸውን ይማርና ጌታዬ ያስተማሩኝም አንዲት ነገር ናት፤ ጎማ ከመፈታቱ በፊት በጠመኔ ጻፊበት፣ ፊት ግራ፣ ኋላ ቀኝ፣ በቃ። ለካ እንዲህ ያለው ነገር ጊዜው አልፎበታል። አሁን እኛ ዘንድ ንጽሕና የሚወድ ሰው አለ... ስም ምን ያደርጋል? ጎማውን ሁሉ በማሽን አጠበው፣ እንደ አራስ ልጅ። ጠመኔዬም አብሮ ሄደ። በምትኩ ቁጥር ያለበት ወረቀት ለጠፈ። ሲያምር። ጎማው የማን እንደሆነ ይነግርዎታል፣ መቼ እንደተገዛ ይነግርዎታል። ግራ ይሁን ቀኝ አይነግርዎትም እንጂ... እሱን ደግሞ ማን ይጠይቃል?

«ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሥዕል አዩት? የፊቱ ወደ ኋላ፣ የኋላው ወደ ፊት። ሁሉም እኩል እንዲያልቅ። ደግ ሐሳብ ነው። የእርስዎ መኪና ግን አመለኛ ናት፤ ከኋላ ሰፊ፣ ከፊት ጠባብ። የኋላዋ ጎማ ኋላ ይገባል፣ ኋላ ያልቃል፣ ኋላ እንዳለ ይጣላል። እንደኔው። ይሄን ማየት የሚያሳዝነው ሰው አለ... አንጀቱ ቡቡ ነው። እሱ በገባበት ቤት ከቦታው ያልተነሳ ነገር አይኖርም።

«ክፉ መናገሬ አይደለም፣ እንዳያስቡብኝ። ታታሪ ነው። ዛሬ እንኳ በጠዋት ስገባ የብሎን መፍቻው ማሽን ገና ትኩስ ነበር። ማን አዘዘው? ማንም። ወረቀት ሞላ? አልሞላም። ከሰው ቀድሞ መጥቶ፣ በጎ ሥራውን ሠርቶ፣ ለማንም ሳይናገር ዝም። የዛሬ ሰው እንዲህ ነው? በጎ የሠራ ሁሉ ያወራል እንጂ።»

*

«እኔ ደግሞ ልማድ አይለቀኝም። ጠመኔዬ ከውጭ እየታጠበ ቢያስቸግረኝ፣ አሁን በውስጥ በኩል መጻፍ ጀምሬያለሁ። እዚያ ማንም አያጥብም። ትናንት መኪናዎ እንደመጣች፣ ሰው ሳይነካት፣ ከስሯ ገብቼ አራቱም ላይ ያኔ የነበሩበትን ቦታ ጻፍኩ። ወገቤን እስካሁን ያመኛል። ለምን ጻፍሽ ቢሉኝ... እንጃ።»

ፎልክማር ቀና አለ።

ከራሱ በላይ፣ በቀኝ በኩል ያለው የኋላ ጎማ ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ በሂልትሩድ ትልልቅ ፊደል፦ ኋላ ግራ። ዞሮ ግራውን አየ። ኋላ ቀኝ።

በመዳፉ ጠረገው። ጠመኔው ተለቀለቀ እንጂ አልጠፋም። ሦስቱን ገና አልነካቸውም።

*

«ለመሆኑ ሐሙስ ሐሙስ ላይኛው መንደር ማን ሊወጣ ነው? አውቶቡስ እንደሆነ ከቀረ ቆየ። እነዚያ እግራቸው የቆሰለባቸው እናት አሉ አይደል፣ በመስኮት መኪናዎን የሚጠብቁት? ልጃቸው ትልቅ ሰው የሆነላቸው። ‹ልጄ የነካው ነገር አይበላሽም› ይሉ ነበር፣ እዚህ በመጡ ቁጥር። ሳያቸው እንዴት ያስቀኑኝ ነበር መሰለዎት።»

እናቱ ናት። ፋሻዋ የሚቀየረው ሐሙስ ነው። ባለፈው ሐሙስ አልተቀየረላትም። ማታ ደውላ፣ «ዶክተሯ ምን ሆነው ቀሩ?» ብትለው፣ «ዝናቡ ነው እማዬ» አላት።

ከመኪናዋ ስር ወጣ። ቀይ የእጅ መጥረጊያ ጨርቅ መሳቢያው ላይ ነበር፤ እጁን ሳይጠርግበት አለፈው። የጣውላውን በር ከፍቶ ደፉ ላይ ቆመ።

ሂልትሩድ ጀርባዋን እንደሰጠችው ነው፤ ብሬጸል በወረቀት ትጠቀልላለች። ዶክተር ኤበርለ ግን ቀና ብለው አዩት። ፊቱን ሳይሆን እጁን። መዳፉ እስከ አንጓው በጠመኔ ነጭ ነው።

«ይሄን ለመንገድ ይያዙት፣ ምንም አልቀመሱም። እንግዲህ ካቆሙም ቆመ፣ ምን ይደረጋል... እኔ በዚህ ዕድሜዬ ማንንም አልረግም። ለዚያ ቅን ሰው ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ቅዳሜ በሩ ላይ ስሙ ያምርበት። ለእናቱም እግዚአብሔር ሌላ ሐኪም ይላክላቸው፣ ቁስላቸውን በደንብ የሚይዝ... እጁ እንደ ልጃቸው እጅ ንጹሕ የሆነ።»