ቆሞ የሚሰፋው ልብስ ሰፊ

አውቶቡሱ ውስጥ ግማሹ ወንበር ባዶ ነበር። ልብስ ሰፊው ግን ከበሩ አጠገብ ያለውን ብረት ጨብጦ ቆሟል። በሁለተኛው ፌርማታ ላይ የሟች ታላቅ ወንድሙ ልጅ፣ ነርሷ፣ ድንገት ተሳፈረች።

«አጎቴ! ይህን ያህል ቦታ እያለ ምን ያቆምዎታል?»

«ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ነው የምውለው፣ ልጄ። እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው።»

አብረው ወረዱና ሱቁ ድረስ ሸኘችው። እዚያ ግን የስፌት መኪናው ቆመው እንዲሰፉበት በተነባበረ ጣውላ ላይ ከፍ ብሏል። ወንበሩ ጥግ ተጥሏል፤ በላዩም ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተሰፋ፣ መሐሉ ቀዳዳ የሆነ ትራስ አለ። ነርሷ ትራሱን አንስታ አገላበጠችው።

«መቀመጫዎን ያምዎታል እንዴ?»

ልብስ ሰፊው ጠመኔውን አነሣና ምንም መስመር በማያስፈልገው ጨርቅ ላይ ማስመር ጀመረ። «ከወንድሜ ልጅ ጋር የሚወራ ነገር አይደለም።»

«እንግዲያው ከነርስ ጋር ያውሩት። ደም አለው?»

ከጨርቁ ቀና ሳይል፣ «ዓመት አልፎታል» አለ።

«ታዲያ ሐኪም ቤት ምነው አልመጡ?»

«ገመና እኮ ነው! ዓይኔን አመመኝ፣ ጥርሴን አመመኝ ይባላል፤ ይሄ ምን ተብሎ ይነገራል? በዚህ ዕድሜዬ ሱሪዬን ፈትቼ ለወጣት ሐኪም? ሞቴን ያድርገው!»

«ፊንጢጣም እንደ ዓይን የሰውነት ክፍል ነው፤ የአንጀት መጨረሻ በር። ሁለት የጡንቻ ቀለበቶች ይጠብቁታል፤ የውስጠኛው ራሱ ይዘጋል፣ የውጭውን እኛ እናዘዋለን። ዙሪያውን ለስላሳ የደም ሥሮች አሉ። ሆድ ሲደርቅ፣ ብዙ ሲያምጡ፣ ሽንት ቤት ረጅም ጊዜ ሲቀመጡ ያብጣሉ፤ ኪንታሮት የሚባለው ይኸው ነው። ቆዳው ከተሰነጠቀ ደግሞ ሲጸዳዱ እንደ ምላጭ ይቆርጣል።»

«እንደ ምላጭ!» አለ ሳያስበው። አፍሮም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኪንታሮት ከሆነማ ምን አስሮጠኝ?»

«ደም ያየ ሁሉ ኪንታሮት ነው ብሎ መደምደም አይችልም። አባቴም ኪንታሮት ነው ሲል ኖሮ፣ የአንጀት ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ ያኔ ጊዜው አልፎ ነበር። ምነው ለአንድ ሰው እንኳ አስቀድሞ በተናገረ!»

ልብስ ሰፊው ጠመኔውን አስቀመጠ።

«ተናግሮ ነበር።»

«ለማን?»

«ለኔ። እዚሁ ቆሞ፣ ‹ደም አያለሁ› አለኝ። እኔ ግን ‹በስተርጅና ምጥ ጀመረህ?› ብዬ ሳቅሁበት። ‹ዝም በል፣ ሰው እንዳይሰማህ› ብዬም መከርኩት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«እሱም ሳቀ። ከዚያ በኋላ ግን አንሥቶት አያውቅም።»

ነርሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ልብስ ሰፊው ሊጠጋት አልደፈረም። በመጨረሻ እንባዋን ጠርጋ ዞረች።

«ይህን ይቅር ለማለት ጊዜ ያስፈልገኛል። እርስዎንም መቅበር ግን አልፈልግም። ሱቁን ይዝጉ።»

አላንገራገረም።

ዓመት ሙሉ የፈራው ምርመራ አፍታ እንኳ አልፈጀም። ሐኪሙ ኪንታሮትና ስንጥቅ አገኘ። የወንድሙን አሟሟት ሲሰማ በሌላ ቀን አንጀቱን በካሜራ አየለትና፣ ወደ ካንሰር ሳትለወጥ አንዲት ትንሽ እባጭ ቆርጦ አወጣ። ከዚያ የታዘዘው ቀላል ነበር፦ ውሃ በብዛት መጠጣት፣ አትክልትና ፍራፍሬ ማዘውተር፣ ሰገራ ሲመጣ አለመያዝ፣ አለማማጥ፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ መቀመጥ፣ የሚቀባውን መድኃኒት መቀባት። በሁለት ወሩ ሕመሙ ለቀቀው። አንዲት ቃል ለመናገር ማፈሩ ዓመት ሙሉ እንዳሠቃየው፣ በወንድሙ ላይ መሳቁ ደግሞ የወንድሙን ዕድሜ እንዳሳጠረው ገባው።

ሐኪሙ አንድ ነገር ጨምሮ ነበር፤ ይህ ካንሰር በቤተሰብ ሊመጣ ስለሚችል የሟቹ ልጆች ሁሉ መመርመር አለባቸው። ነርሷ ለወንድሞቿ ራሷ ልትነግራቸው ብትፈልግም ልብስ ሰፊው፣ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ እኔው ልንገራቸው» አላት። ሰብስቦ፣ ቀልዱን ሳያስቀር፣ ሁሉንም ነገራቸው። ሲጨርስ የመጨረሻው ልጅ፣

«ያን ቀን ሐኪም ቤት ሂድ ቢሉት ኖሮ፣ አባታችን ይተርፍ ነበር?» ሲል ጠየቀ።

ልብስ ሰፊው ዓይኑን ሳይሰብር መለሰ።

«ሳይተርፍ አይቀርም ነበር፣ ልጄ። እናንተ ግን ነገ ጠዋት ሂዱ።»