እዚህ ጋ ትንሽ እንቁም

እንደምን ዋላችሁ። የቤተ መጻሕፍቱ ዳኜ ነኝ። ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ "ዝም በሉ" ስል ነው፤ ዛሬ ግን እኔ እናገራለሁ፣ እናንተ ዝም ትላላችሁ።

እትዬ ራቢአ፣ ዛሬ በጡረታ ስንሸኝዎት መጀመሪያ የመጡበትን ቀን ሳላነሣ ብቀር ይህ ሰው አይለቀኝም። ያኔ ዩኒቨርሲቲ አልተባልንም ነበር። እዚሁ ቡራዩ፣ ከሥሩ አልጋና ቁም ሣጥን የሚሸጥበት ፎቅ ላይ የተከራየን ኮሌጅ ነበርን። የምዝገባ ሰሞን ጥቁር ጃንጥላ ይዘው በሩ ላይ ብቅ ሲሉ እኔ "እናት፣ የወላጆች ሰልፍ በዚያ በኩል ነው" አልኩዎት። ሄደው ተሰለፉ። ፀሐይ ላይ ቆሙ። ተራዎ ደርሶ መዝጋቢው የልጅዎን ስም ሲጠይቅዎት "ልጅ አላስመዘግብም፤ አዲሷ የተማሪዎች አገልግሎት ኃላፊ ነኝ። ሰልፋችሁ ረጅም ነው፣ ከነገ ጀምሮ አሳጥረዋለሁ" አሉት። አሳጠሩትም። እኔን ግን እስከ ዛሬ "የወላጆች ሰልፍ" እያሉ ነው የሚጠሩኝ።

ወደዚህ ግቢ ከተዛወርን ወዲህ አዲስ ተማሪ በመጣ ቁጥር የሚያስጎበኙት እርስዎ ነበሩ። ያ ጃንጥላ ለዝናብ ሲዘረጋ አላየሁም፤ ሥራው መጠቆም ነው። "ይህ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ዋይፋይ ፍለጋ የገባም እንዳነበበ ይቆጠርለታል። ይህ ላውንጅ ነው፤ ለሽሮው እመሰክራለሁ፣ ለሌላው አልመሰክርም። ይህ መኪና ማቆሚያ ነው፤ ከሰዓት ኳስ ሜዳ ነው፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ እዚሁ ትመረቃላችሁ።" አንድ ዓመት አንዲት ልጅ ብሮሹራችንን ይዛ "ፎቶው ላይ ያለው አረንጓዴ ሜዳ የታል?" አለችዎት። ጃንጥላውን ወደ አጥሩ ማዶ ቀስረው "ያውልሽ። የገበሬ ማሳ ነው፤ የእኛ ድርሻ ማየት ነው" አሉ። ማርኬቲንጎች ስንት ቀን አኮረፉን።

ጉብኝቱ የሚያልቀው ግን ከኋላ ባለችው ትንሿ የብረት በር ነው። እዚያ ሲደርሱ ጃንጥላውን ዝቅ ያደርጉና "እዚህ ጋ ትንሽ እንቁም" ይላሉ። ልጆቹ ይቆማሉ። "እዚህ ምን አለ?" ሲሉዎት "ምንም የለም" ይላሉ። የቆየነው እናውቃለን፤ አዲሶቹ አታውቁም። ልነግራችሁ ትናንት አስፈቅጃለሁ። "ለባልደረቦቼ ንገር፤ ለልጆቹ ግን አይነገር" ብለውኛል።

የማስተር ፕላኑ ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩ፣ ወደ ሱሉልታ ልትሰፋ ነው፣ የገበሬው መሬት ሊሄድ ነው ተብሎ አገር የተናወጠ ጊዜ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ መንገድ ተዘጋ፣ ታክሲ ቆመ፣ ተኩስ ተሰማ። እትዬ ራቢአ ተማሪውን በሙሉ ቤተ መጻሕፍት አስገብተው ትንሿ በር ላይ ቆሙ። ለምኗቸው የወጣ የለም።

ገርባ የሚባል የአካውንቲንግ ተማሪ ነበረን። ያ የብሮሹሩ ማሳ የአባቱ የኦቦ ታመነ ነበር። መጣና "እትዬ፣ አባቴ ብቻውን ነው። ቤታችን ይታያል እኮ። ደርሼ እመለሳለሁ" አለ። እውነትም ቤቱ ይታያል። ለእሱ ከፈቱለት።

ማሳውን ሳይሻገር ተመትቶ ወደቀ። ከዚህ በላይ አልችልም። ሲመሽ በሩን እንዝጋ ብንልዎት "እመለሳለሁ ብሏል" አሉን፤ አላስዘጉንም።

ለቅሶ የሄድን ዕለት አብሬዎት ነበርኩ። ኦቦ ታመነን ቀና ብለው ማየት አቅቶዎት "የከፈትኩለት እኔ ነኝ" አሉ። እሳቸው እጅዎን ያዙና "ልጄ የሞተው ወደ እኔ ሲመጣ ነው። የከፈትሽው ለእኔ ነው። ገለቶሚ" ብለው አመሰገኑዎት። እንዲህ ያለ ምስጋና ከዚያ በፊትም በኋላም ሰምቼ አላውቅም። እርስዎ እስክንመለስ ድረስ አለቀሱ።

ከዚያ ወዲህ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ከልጆቹ ጋር ግቢ ያደሩት እርስዎ ነዎት። የታመመ ተማሪ ይዘው ሆስፒታል የሮጡት፣ ለሩቅ ወላጅ በአማርኛም በኦሮምኛም ደውለው "ልጅህ ደህና ነው፣ እኔ ጋ ነው" ያሉት እርስዎ ነዎት። ያን ሁሉ ዓመት በወጉ አላመሰገንንዎትም። እግዜር ይስጥልን፣ እትዬ። ጀዛኪላህ ኸይር።

ባለፈው ሳምንት ጉብኝቱን ሊያስረክቡኝ ግቢውን አዞሩኝ። በሯ ጋ ስንደርስ "እዚህስ ምን ልበላቸው?" አልኩ።

"ምንም አትበል። ትንሽ ቁም።"

"ሲጠይቁኝስ?"

"ምንም የለም በላቸው።"

እትዬ፣ ይህን አልችልም። እርስዎ "ምንም የለም" ሲሉ ፊትዎ ይናገራል። እኔ ካልኩት ግን በእውነት ምንም አይኖርም። ፕላኑ ቀረ ቢባልም ማሳው አልተረፈም፤ ፎቅ ቆሞበታል፣ ከበሩ ሲያዩ ያ ቤት አይታይም። የቀረው ስሙ ነው። እባክዎ ስሙን ልጥራ። "ገርባ የሚባል ተማሪ ነበረን፤ ለአባቱ ሊደርስ በዚህ ወጣ" ብቻ ልበል። ማን እንደከፈተለት አልናገርም።

ምን አሉ? ከኋላ ያሉት አልሰሙም፤ እኔ ልድገመው።

"የከፈተለትንም ተናገር" ነው ያሉት።

እሺ፣ እትዬ። እናገራለሁ።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሡ፤ ለስላሳም ውሃም የያዘ ያንሣ። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎት፤ የልጅ ልጆችዎን ሰልፍ ያሳጥሩ። የሚሸኝዎት መኪና የቆመው ከትንሿ በር ውጭ ነው። ሲወጡ "ደህና ሁኑ" እንዳይሉን። "ደርሼ እመለሳለሁ" ይበሉን፣ ደግሞም ይመለሱ።

ለእትዬ ራቢአ። በሩን እኔ እከፍትልዎታለሁ።