ውሃ ያልነካው አስፕሪን

ጠጋ በሉኝ ልጆቼ፤ ሁዳዴ ነበር፣ ሰቆጣ በበጋው ደርቃ። ቄሱ አያታችሁ ማኅሌት ቆመው ጉልበታቸውን ሲያማቸው፣ ጾሙ እንዳይፈርስ ብለው አስፕሪኑን ያለ ውሃ በባዶ ሆዳቸው ያኝኩት ነበር። አንድ ቀን ከጓሮ ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሏል። “ዓይነ ምድሬ እንደ ቅጥራን ጠቆረ” አሉኝ። ኧረ እኔስ መቆም መቀመጥ አቃተኝ፤ በበቅሎ ጭኜ ክሊኒክ አደረስኳቸው።

በክሊኒኩ የሚያክመው ድሬሰር ሆዳቸውን ዳበሰና፣ “አባ፣ እርስዎ ሲጾሙ ክኒኑ ጨጓራዎን ሲበላ ከርሟል፤ የጠቆረው ደምዎ ነው። ክኒኑን ይተዉ፣ አጥሚትም በጠዋት ይጠጡ” አላቸው።

“ክኒኑን እተዋለሁ፤ በጠዋት ግን አልቀምስም!”

እየተንቆራጠጥኩ፣ “እንግዲያው እኔም አልቀምስም! ማን ቀድሞ እንደሚወድቅ እናያለን፣ አንቱ ሰው!” አልኳቸው። በማግስቱ ጠዋት አጥሚቱን ከእጄ ተቀብለው ጠጡ።

ዳኑ። መቋሚያቸውን ተደግፈው እያነከሱ አረጁ፤ ድሬሰሩም ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። የተረፈውን አስፕሪን እኔ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት።