በአምስት ብርሌ እብናት ድረስ የተሰሙት አቶ ዘውገ ይርጋ

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የሀገር ሽማግሎች፣ ከገሳይም ከእብናትም መንገዱ ሳይከብዳችሁ የመጣችሁ ዘመድ ወዳጆች፤ ቤተ ሰቡ የሟችን ዜና ሕይወት እንዳነብ ያዘዘኝ እኔ እሸቴ ደምሴ የአቶ ዘውገ ይርጋ የሥራ ባልደረባ፣ አበልጅና ከአርባ ዓመት በላይ ተፎካካሪያቸው ነኝ። ተፎካካሪ ስለ ተፎካካሪው ሲናገር ሚዛኑ ማጋደሉ አይቀርምና፣ ቢያጋድል እንኳ ወደ እሳቸው እንዲያጋድል ተጠንቅቄ ጽፌዋለሁ።

አቶ ዘውገ ከአባታቸው ከቄስ ይርጋ ሙላቴና ከእናታቸው ከወይዘሮ እቴነሽ በ1898 ዓ.ም. በገሳይ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከአባታቸው ዘንድ ፊደል ቆጥረው፣ ንባብ ለይተው፣ ዳዊት ደግመው የአባታቸውን ቅስና ይወርሳሉ ተብሎ ሲጠበቅ፣ ወደ ደብረ ታቦር የሚዘረጋው የስልክ ሽቦ በደጃቸው ሲያልፍ አዩና ልባቸው ከሽቦው ጋር ሄደ። ቄስ ይርጋም «ልጄን እንጨት ላይ የተሰቀለ ክር ቀማኝ» እያሉ ለጎረቤት ያማርሩ እንደነበር ራሳቸው አቶ ዘውገ እየሳቁ ያጫውቱን ነበር።

በ1921 ዓ.ም. የስልክና የቴሌግራፍ ሥራ ለመማር አዲስ አበባ ሲሄዱ እኔም ከእብናት ሄጄ ነበርና አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። በአጭርና በረጅም ምት መልእክት ማስተላለፍን፣ ያለ ሽቦም በአየር መላክ እንደሚቻል የተማርነው እዚያው ነው፤ በፍጥነት እሳቸው ይበልጡኝ ነበር፣ በጥራት ደግሞ እኔ እበልጣቸው ነበር፤ በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ ይህችን ሁለተኛዋን ሐረግ አያስነብቡኝም ነበር። ትምህርታችንን ጨርሰን ስንመለስ እሳቸው በደብረ ታቦር፣ እኔ በእብናት ስልከኞች ሆነን ስድስት ዓመት ያህል ሠራን።

በ1928 ዓ.ም. ጣልያን ሲገባ ሽቦው ተቆርጦ ሁለታችንም ሥራ ፈታን። አቶ ዘውገ ቤታቸውን ለመደጎም በጣልያኖቹ ጋራዥ መኪና አጣቢ ሆነው ሲገቡ፣ ከጋራዡ ጀርባ ከሚጣለው ቁራጭ መሐል ከተሰበረ ራዲዮ የተረፉ ሁለት ደህና አምፖሎች አገኙና አንዱን ለራሳቸው አስቀርተው ሌላውን በርበሬ ነጋዴዋ ወይዘሮ ፈንታነሽ በስልቻዋ ውስጥ ቀብራ ለእኔ እንድታደርስ አደረጉ። በቅል አንገት ላይ ሽቦ ጠምጥመን፣ ከስልክ ቤት ያስቀረነውን ማዳመጫ አያይዘን፣ አየር ላይ የሚዘረጋውን ሽቦ ልብስ ማስጫ አስመስለን እያንዳንዳችን አንዳንድ መሣሪያ ሠራን። ባትሪ ከየት ይምጣ? በጠጅ ብርሌ ውስጥ ጨውና ሎሚ ያለበት ውኃ ሞልተን፣ መዳብና ዚንክ ነክረን፣ ብርሌውን ከብርሌ በሽቦ ቀጣጥለን አርባ ሲደርስ እብናትና ደብረ ታቦር ተሰማሙ።

በአርባ ብርሌ በተነጋገርን በወሩ ግን የጣልያን ጦር ሰፈር ራዲዮኛ ሰምቶን ኖሮ ደብረ ታቦር ቤት ለቤት ተፈተሸ፤ የተገኘ ሰው ስቅላት እንደሚጠብቀው በአዋጅ ተነገረ። አቶ ዘውገ ከጎታ ውስጥ በገብስ ተቀብሮ ከተረፈው መሣሪያ ጋር ቁጭ ብለው ሲያስቡ፣ ድምፁ እኛ ዘንድ ብቻ ከደረሰና ጦር ሰፈሩ ካልደረሰ ምን ችግር አለው የሚል ሐሳብ መጣላቸው። ብርሌው ባነሰ መጠን ድምፁም ያንሳልና ከዚያ ቀን ጀምሮ አርባ ብርሌ መቀጠል በመካከላችን የተከለከለ ሆነና ማን ባነሰ ብርሌ ይሰማል የሚል ውድድር ተጀመረ፤ ለአሸናፊው የሚሰጠውም በብርድ የሚለበስ አንድ የጉና በግ ጠጉር ባና ነበር። እሑድ እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ፣ ጣልያን ምሳውን በልቶ ጋደም በሚልበት በሰባት ሰዓት፣ እያንዳንዱን ፊደል ከገበታው ስንተኛ ረድፍና ስንተኛ ቤት እንደሆነ በቁጥር እየመታን እንላላክ ነበር። አንዳንድ ሰው ለአርበኞች ወሬ እናቀብል እንደነበር አድርጎ ያወራል፤ ሁለት ጊዜ አድርገነዋል፤ ሬሳ ፊት ውሸት አይነገርምና የቀረው ሁሉ ፉክክር ነበር።

በመጀመሪያ የምንላላከው ከዘወትር ጸሎት አንድ አንድ አንጓ ሲሆን፣ ተቀባዩ የሰማውን በወረቀት ጽፎ በወይዘሮ ፈንታነሽ እጅ ይልክና ይተያያል። በሃያም በአሥራ ሁለትም በዘጠኝም ብርሌ ብልክ ከአቶ ዘውገ የሚመጣው ወረቀት አንድ ፊደል ሳይጎድለው ሲመጣ ጊዜ ጠረጠርኩና፣ አንድ እሑድ ጸሎቱን ከመሐሉ አቋርጬ ተውኩት። በሳምንቱ የመጣው ወረቀት ግን ጸሎቱን እስከ አሜን ድረስ፣ በቀይና በጥቁር ቀለም ተጽፎ ይዟል። ነገሩን ስነግራቸው እጅግ አፈሩ፤ ሆኖም በዚህ ጉባኤ ፊት እንደምመሰክረው አቶ ዘውገ ውሸታም አልነበሩም፤ በቄስ ይርጋ እጅ ያደገ ጆሮ ጸሎት ከተጀመረለት ቀሪውን ራሱ ይሰማዋል እንጂ። ከዚያ በኋላ ሌላው ሊገምተው የማይችለውን የቤት ወሬ ብቻ እንድንላላክ፣ ያልሰማነውንም ፊደል በነጥብ እንድንተው ሕግ አወጣን፤ በዚሁ ሕግ የተነሳ የማን ላም ምን እንደወለደች፣ የማን ገብስ አመዳይ እንደመታው እኔ የእሳቸውን እሳቸው የእኔን ጓዳ እንደራሳችን አወቅነው።

በ1930 ዓ.ም. አቶ ዘውገ የእብናቷን ወይዘሮ ጥሩወርቅን በሥርዓተ ተክሊል አገቡ፤ ሽማግሌ ሆኜ የሄድኩት እኔ ስለሆንሁ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሲያኮርፉ እስከ ዛሬ የሚወቅሱት እኔን ነው። በሁለተኛው ዓመት በግንቦት፣ የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳልና፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ እብናት ወላጆቻቸው ዘንድ ሄደው ሳሉ፣ በመካከል ውጊያ ተነሥቶ መንገዱ ተዘጋ፤ የወይዘሮ ፈንታነሽ አህዮች እንኳ ማለፍ አልቻሉም። የወይዘሮ ጥሩወርቅ ታላቅ እህት በመጀመሪያ ወሊዳቸው ከነልጃቸው አርፈው ስለነበር አቶ ዘውገ እህል ከአፋቸው አልገባ ብሎ አሥራ አንድ ቀን ቆዩ። በዚያ ጊዜ ውድድሩን በአምስት ብርሌ የሚመሩት እሳቸው ነበሩ፤ እኔም በሦስት ልበልጣቸው እየሞከርኩ ነበር።

እሑድ በሰባት ሰዓት እኔ በሦስት ብርሌ የምሥራቹን ጀመርሁ። አቶ ዘውገ ከዚያ የሰሙት የሚስታቸውን ስም ብቻ ነው፤ ከስሙ በኋላ ያለው ጠፋባቸው። በኋላ እንዳጫወቱን፣ የለመደው ጆሯቸው ቀሪውን ሊሞላ ሁለት ነገር አቀረበላቸው፤ አንዱ ሕይወት ነው፣ አንዱ ሞት ነው፤ ሁለቱንም ትተው ነጥብ አደረጉ። «ድገም» አሉኝ፤ ደገምሁ፤ አሁንም ስሟና ነጥብ። «ድገም» አሉኝ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ደገምሁ፤ ያው ሆነ።

ሠላሳ ሁለት ዓመት ያህል ያ መልእክት በሦስት ብርሌ እንደደረሰ አድርጌ ስለኖርሁ፣ እውነቱን ዛሬ እናገራለሁ። ሦስተኛው «ድገም» ሲመጣብኝ ባልንጀራዬ ምን ሆኖ እንደተቀመጠ ታየኝና ማዳመጫዬን ጥዬ ወደ ወይዘሮ ጌጤ ጠጅ ቤት ሮጥሁ። እሑድ ስለሆነ ቤቱ ሙሉ ነበር፤ ከመደርደሪያው ያለውን ሰብስቤ፣ ያልበቃኝን ከጠጪው እጅ እየነጠቅሁ፣ እየተሰደብሁ አርባ ሞላሁና በየሳጥኑ የቀረውን መዳብና ዚንክ ነከርሁ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰዓቱ ዘጠኝ ደርሶ ጣልያንም ከእንቅልፉ ተነሥቷል። «ጥሩወርቅ በሰላም ተገላገለች፤ ወንድ፤ ሁለቱም ደህና» ብዬ መታሁት፤ ወዲያው «ሰማሁ» የሚል መጣ፤ ቀጥሎም ያንኑ «ሰማሁ» ስምንት ጊዜ ያህል ደጋግመው መቱት። በማግስቱ ወታደሮች መጥተው እብናትን ሁለት ቀን ፈተሹ፤ ብርሌው ግን ተመልሶ ጠጅ ተሞልቶበት ነበርና ጠጥተውበት ሄዱ፤ ወይዘሮ ጌጤ ጠጅሽ ሎሚ ሎሚ ይላል እየተባሉ አንድ ወር ታሙ።

መንገዱ ተከፍቶ የአርባ ቀን ክርስትናው ሲደርስ፣ አቶ ዘውገ ባናውን ተሸክመው እብናት ገቡና ሕፃኑን ገብረየሱስን እኔ አነሣሁት። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በተጋባዡ ሁሉ ፊት ቆመው «ልጄን ያበሰረኝ እሸቴ ነው፤ ውድድሩ የእሱ ነው» አሉና ባናውን ትከሻዬ ላይ ጣሉት። አይደለም፣ ሕጉን አፍርሻለሁ ልል ነበር፤ ሰው እልል ሲል ባናውን ደረብሁት። ነገ እነግራቸዋለሁ አልሁ፤ ነገ ዓመት ሆነ፤ ዓመቱም እንደምታዩኝ ሽበት ሆነ።

ከነጻነት በኋላ አቶ ዘውገ ወደ ደብረ ታቦር ስልክ ቤት ተመልሰው እስከ ጡረታቸው ድረስ በትጋት አገለገሉ፤ ብዙ ወጣት ስልከኞችም ያልሰማኸውን አትጻፍ እያሉ አስተማሩ። ውድድራችን በሕግ እንዲቀጥል ፈቃድ ጠይቀን ማመልከቻ አስገብተን ነበር፤ ማመልከቻው እስካሁን በመታየት ላይ ነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ጆሯቸው ቢደክምም ጨዋታቸው አልደከመም ነበር፤ ባለፈው ዓመት የያዛቸው የኩላሊት ሕመም ግን በጎንደርም በቤትም ሲታከሙ ቆይተው ሳይለቃቸው፣ ሥጋ ወደሙ ተቀብለው፣ ልጆቻቸውን መርቀው፣ በተወለዱ በስልሳ አምስት ዓመታቸው በጥር 1963 ዓ.ም. ዐረፉ።

ከሠላሳ ሦስት ዓመት በላይ አብረዋቸው የኖሩትን ባለቤታቸውን ወይዘሮ ጥሩወርቅን፣ ልጆቻቸውን ገብረየሱስን፣ እመቤቴንና አመተማርያምን፣ ሰባት የልጅ ልጆችን፣ እህታቸውን ወይዘሮ ወርቅነሽን፣ እኔንም ጨምሮ ብዙ ወዳጅ ትተውልን ሄደዋል።

ዛሬ ጠዋት ይህን ስጽፍ የክርስትና ልጄ ገብረየሱስ የአባቱን የመልእክት ደብተር አምጥቶ ሰጠኝ። የዚያችን እሑድ ገጽ ፈልጌ አገኘሁት፤ ሦስት መስመር የሚስታቸው ስምና ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ ነው፤ በአራተኛው መስመር የምሥራቹ አንድ ፊደል ሳይጎድለው ተጽፏል። ከሥሩ በእጃቸው እንዲህ ይላል፦ «ይህ የሦስት ብርሌ ድምፅ አይደለም። አርባውን ቀጥሎታል። እሸቴ በአንገቱ ገመድ አስገብቶ ተሸነፈልኝ። እንዳያፍር፣ ሰው አይስማ።» ስንት ብርሌ እንደነበር በክርስትናው ቀንም ከዚያም ወዲህ አንድ ጊዜ እንኳ በአፋቸው ጠርተው እንደማያውቁ ያስተዋልሁት ገና ዛሬ ነው፤ ያልሰሙትን ሦስት ብርሌ ሰማሁ ሳይሉ፣ የሰሙትንም አርባ ሳይናገሩብኝ ሄዱ።

ዘውገ ሆይ፣ ዛሬስ ሰው ይስማ፤ አላፍርም። የጉና ዙሪያ ሰው ሁሉ ይወቅልኝ፤ ከደብረ ታቦር እብናት በአምስት ብርሌ የተሰሙት እሳቸው ብቻ ናቸው፣ ከዚያ ባነሰ የተሰማ ማንም የለም፤ ውድድሩ የእሳቸው ነው። ያለ ሽቦና ያለ ብርሌ የሚሰማ አምላክ የባልንጀራዬን ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጋር ያሳርፍልኝ፤ ለወይዘሮ ጥሩወርቅና ለልጆቻቸው መጽናናቱን ይስጥልኝ። አሜን።