ለሦስት ወር የሰጠሁት ሳሎን

አያ ማሩ፣ እንዴት ሰነበቱ? ይቀመጡ እንጂ፤ የጎንደሩ አውቶቡስ እንደሆነ ሳይሞላ ከአምባ ጊዮርጊስ አይነሣም። ገብሱ ዘንድሮ ሸጋ ነው አሉ... ተመስገን ነው።

እኔማ የልጄን የቃልኪዳንን ሰርግ ላማክርዎ ብዬ ነበር። ለጥር ነው የቀጠርነው። ችግሩ ሳሎኔ ሥራ ላይ ነው... አዎ፣ ሳሎኔ። እኔ ወጥ ቤት ገብቻለሁ፤ እሱ አድጎ ቢሮ ሆኗል። በር ላይ ሰሌዳም አለው፣ «ጊዜያዊ» የሚል።

ያኔ ተኩሱ ደባርቅ ደርሶ ስንቅ ስናዋጣ፣ ያ አስተባባሪው ታናሽ ወንድምዎ መጣና «ለሦስት ወር በሶ ማስቀመጫ» አለኝ። ውል እንጻፍ ቢለኝ እንቢ ያልሁ እኔው ነኝ። ለዘማች ስንቅ ማን ውል ይጽፋል? ነውር ነው። ታዲያ እንዴት ያለ ሰው አክባሪ ነው መሰለዎ፣ አንዴም ሳይከራከረኝ ወረቀቱን አጠፈው።

በሶው ተበላ። ተኩሱም ከእኛ ራቀ። ይሄዳል ስል... እንዴት ይሂድ? ትጉህ ሰው ነዋ። መጀመሪያ ለበሶው ዘበኛ አመጣ። ከዚያ የዘበኛውን መግባት መውጣት የሚመዘግብ። ከዚያ የመዝጋቢው ኃላፊ። ለኃላፊው ደግሞ ምክትል፤ ስብሰባ ሲሄድ ወንበሩን ብርድ እንዳይመታው መሰለኝ። በሶ የለም እኮ፣ አያ ማሩ... የበሶ ቡድን መሪ ግን አለ። ዲግሪ ያለው፣ ጨዋ ልጅ ነው።

ደመወዛቸው ከየት ነው ብዬ ብጠይቀው «ከፌዴራል» አለኝ። ፌዴራል ከየት እንደሚያመጣው አልጠየቅሁትም፤ የሱቄ ግብር ሲጨምር ገባኝ። ምን ይከፋኛል? ሳሎን ሙሉ ሠራተኛ የማስተዳድር ሴት ሆኛለሁ።

በቀደም ደግሞ፣ ሰላም ሲወርድ ሥራህ አይቀንስም ወይ አልሁት። ሳቀና «ሰላምም አስተባባሪ ይፈልጋል» ብሎ ጓዳዬን በሜትር ለካ። አርቆ አሳቢ ነው።

የሰርጉን ነገር ስነግረው ማመልከቻ አስገቢ አለኝ። አስገባሁ... ለገዛ ሳሎኔ። በማግሥቱ ማኅተም ያረፈበት መልስ ሰጠኝ፤ «ለበላይ አካል ተመርቷል» ይላል። ቃልኪዳን ስታነበው አለቀሰች። እውነቱን ልንገርዎ፣ አባቷ በሠራው ቤት እንድትዳር ነበር ምኞቴ፤ ከወጥ ቤት ጭስ ወጥታ ሙሽራ እንድትሆን አይደለም።

ምነው ተነሡ? እኔ እኮ ማማቴ አይደለም። እርስዎ ታላቁ ነዎት፣ ሲያገኙት ሰላም ይበሉልኝ። መርቃሃለች ይበሉልኝ። እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጠው። ሰላም ወርዶ ዘማቹ ወደ እናቱ፣ የተፈናቀለውም ወደ ቀዬው የተመለሰ ዕለት... እሱንም ሳይፈራው «ግባ፣ ቤትህ ነው» የሚለው አንድ ሰው አያሳጣው።