ጥፋቱ የማን ነው?

ወደ አዲስ ዘመን ከተማ በምንሄድበት አውቶቡስ ከፊቴ የተቀመጠች ተማሪ የቴያትር መጽሐፍ ይዛ ታለቅሳለች። አጠገቧ ያሉት ቄስ ጠየቋት።

«ምን ሆንሽ፣ ልጄ?»

«ሁለት ወጣቶች ተዋደው ሞቱ፣ አባ። ቤተሰብ ከልክሏቸው።»

«ዘመድ ናቸው? ሰባት ቤት አልሞላም?»

«የለም፣ ደመኞች ናቸው።»

«ደም የሚደርቅ በጋብቻ አይደል እንዴ!»

«ቄስ በስውር አጋባቸው። ኋላ ልጅቱ ቄሱ የሰጣትን መድኃኒት ጠጥታ የሞተች መሰለች። ‹አልሞተችም› ብሎ ቄሱ ለባሏ የላከው ደብዳቤ ሳይደርስ ቀረ።»

«ለምን?»

«መንገድ ተዘግቶ።»

«ርብ ወንዝ ሞልቶ ነዋ!»

«አገሩ ሌላ ነው፣ አባ። ጓድ አስተማሪያችን ጥፋቱ የቄሱ ነው ይላሉ። ነገ ፈተና ላይ ይመጣል።»

«የቄሱ? የርብ ነው ብለሽ ጻፊ!»

«እሺ፣ አባ።»

ልጅቱ እስክሪብቶዋን ስታወጣ ባይ ጊዜ በሆዴ ለቁሐር ሚካኤል ተሳልሁላት።