ለርክክብ የተጣለ ድንኳን

ይሄን ሳስበው እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። በጦርነቱ ጊዜ መርሳ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ለተፈናቃዮች በመንግሥት በጀት ከተገዛው ሸራ ድንኳን ጣልን። ለእነሱ እንዳይመስላችሁ፤ ለርክክቡ እንግዶች ነው! ወዲያው በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። አንዲት ከግራና ከተማ የተፈናቀሉ እናት ድንኳኑን ሲያዩ ለቅሶ መሰላቸው። የበሰበሰ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡና «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለው ተቀመጡ።

የርክክቡ አስተባባሪ «እማማ፣ ለቅሶ አይደለም። ለተፈናቃዮች ሸራ የምናስረክብበት ነው፤ እንግዶች ሊመጡ ስለሆነ ይውጡ» አላቸው።

«እኔም ተፈናቃይ ነኝ እኮ፣ ልጄ።»

«ቢሆንም ርክክቡ ሳያልቅ አይታደልም።»

«ለቅሶማ ነው» አሉና ወደ በረዶው ወጡ።

በእጄ ያሰርኩትን ገመድ በእጄ ፈታሁት። በረዶው የእንግዶቹን ባዶ ወንበሮች ይደብድብ!